በእናቴ ስም የተያዘው አልጋ

እናቴ «ስሜን ከመርከቡ አስወጡልኝ» ስትለኝ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ጉዞው ሊደርስ አንድ ወር ገደማ ነበር የቀረው። ፓስፖርቷ ወጥቷል፣ ሻንጣዋ ተገዝቷል፣ የሰፈሩ ሰው መርቆ ጨርሷል። ስቄ ሳበቃ ፊቷን አየሁት። እሷ አልሳቀችም።

መርከቡን የያዘችላት ታላቅ እህቴ ናት። ዱባይ ከሄደች ብዙ ዓመቷ ነው። መጀመሪያ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር፤ አሁን ከጓደኞቿ ጋር የሴቶች ፀጉር ቤት ከፍታለች። ለእናታችን ምን ላድርግላት ስትል ኖራ በመጨረሻ ያገኘችው የመርከብ ሽርሽር ነው። ከዱባይ ተነስቶ በባሕሩ ዳር ያሉትን ከተሞች እያዳረሰ በሳምንቱ የሚመለስ፣ ትልቅ ሕንፃ የሚያህል መርከብ። ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ያዘች፤ አንዱን በራሷ ስም፣ አንዱን በእናቴ ስም። ወረቀቱን በቴሌግራም ስትልክልኝ እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ አነበብኩላት። ስሟ ከነአባቷ ከነአያቷ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። በጣቷ ነካ አደረገችውና «ይቺ እኔ ነኝ?» አለች።

እናቴ ዕድሜዋን የጨረሰችው እዚሁ አቃቂ፣ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ውስጥ ነው። ጡረታ ከወጣች፣ አባታችንም ካረፈ በኋላ እኔና እሷ ብቻችንን ነው የምንኖረው። እኔ አላገባሁም፤ ከቤታችን ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። በሰፈራችን ሰው በአውሮፕላን ወደ አረብ አገር መሄዱ ብርቅ አይደለም። ለመዝናናት ብሎ በመርከብ የሄደ ግን አልነበረም። ስለዚህ ወሬው በአንድ ቀን ተዳረሰ። ከስልጤ የመጡት የማዕዘኗ ባለሱቅ ለሻንጣዋ የምትሆን ትንሽ ቁልፍ አንስተው «ይቺ ከእኔ ናት» ብለው ሰጧት። ከወሎ የመጡት ጎረቤታችን፣ ለሐጅ ሲሄዱ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሏትን ቦርሳ አዋሷት፤ ፓስፖርት ከአንገት መውረድ እንደሌለበትም አስጠነቀቋት። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ «እማማ፣ ባሕሩ ላይ ባጃጅ ካስፈለገ ይደውሉልን» ይሏት ነበር። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

ፓስፖርቷን ለማውጣት ኢሚግሬሽን አብረን ነው የተሰለፍነው። የእኔ ጊዜው ካለፈ ከርሟል። ድሮ፣ እህቴን ተከትዬ ልሂድ ብዬ አስቤ የተውኩ ጊዜ ያወጣሁት ነው። መቼም ቀኑን ሙሉ መቆሜ አይቀርም ብዬ እኔም የራሴን አሳደስኩ። ከዚያ በላይ ያሰብኩት ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው እህቴ የክፍሉን ቪዲዮ የላከች ዕለት ነው። ጠባብ፣ ንጹሕ ክፍል፤ ሁለት አልጋ፤ እንደ በረዶ የነጣ አንሶላ። እናቴ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ደጋግማ አየችው።

«አልጋዎቹ እንዲህ ተጠጋግተው ነው እንዴ?»

«ጎንሽ የምትተኛው ልጅሽ ናት እማ፤ ምን ችግር አለው?»

«አንሶላውንስ ማን ነው የሚቀይረው?»

«ሠራተኞች አሉ። በየቀኑ ጠዋት እየመጡ ይቀይራሉ። አንቺ ጣትሽን አታነሺም።»

ደስ እንዲላት ብዬ ነበር። ስልኩን መለሰችልኝ። ያን ጊዜ ነው «ስሜን ከመርከቡ አስወጡልኝ» ያለችው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አዲስ ምክንያት ነበራት። አንድ ቀን ባሕር እፈራለሁ አለች። ሌላ ቀን ጉልበቴን ያመኛል፤ ሌላ ቀን ጾም ይገባብኛል። የእኔም ትዕግሥት እያለቀ ሄደ። «እሷ ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ የገዛችልሽን ነገር!» ብዬ ጮህኩባት። የዚያኑ ሰሞን ደግሞ ውሃ ጠፍቶብን ነበር። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣ በጄሪካን ሞልተን ነው የምናስቀምጠው። ቅዳሜ ጠዋት ብነሳ ጄሪካኖቹ ባዶ ናቸው። እናቴ ጓሮ፣ እጇ አረፋ ውስጥ ነው።

«የምን ልብስ ነው በየቀኑ የሚታጠበው? ሁለት ሰው አይደለን እንዴ? እኔ በምን ልታጠብ ነው አሁን?»

ይህን የመሰለ ንግግር ለዓመታት ተናግሬያታለሁ። ሁልጊዜ «እሺ» ብላ ታልፈው ነበር። ያን ቀን ግን እጇን በቀሚሷ ጠረገችና «ነይ» አለችኝ። ክፍሏ ይዛኝ ገባች። በሩን ዘጋችው። ከዚያ የአልጋዋን ልብስ ገልጣ የፍራሹን ጫፍ አነሳች።

ፍራሹ በላስቲክ ተጠቅልሏል። በላስቲኩ ላይ፣ ከአሮጌ አንሶላና ከአሮጌ ቀሚስ የተቀደዱ ጨርቆች በሥርዓት ታጥፈው ተደርድረዋል። ክፍሏ ሁልጊዜ በረኪና በረኪና የሚሸተው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ያመልጠኛል» አለችኝ፣ እኔን ሳይሆን ፍራሹን እያየች። «ሽንት። ደግሞ ወደ ታች የሚወርድ ነገር አለ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንቺን ከወለድኩ ወዲህ ትንሽ ትንሽ ነበር። ወልጄሽ ብዙም ሳልቆይ ሥራ ገባሁ፤ ሸክም ነበረብን። ካረጀሁ ወዲህ ነው የባሰብኝ።»

የምገባበት ጠፋኝ። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን፣ በአንድ ገበታ እየበላን፣ ስለ ውሃው ስጮህባት ኖሬያለሁ። ይቅርታ ልላት ፈልጌ ነበር፤ አፌ ግን የተናገረው ሌላ ነው፤ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት፤ አሁንም እሷ ላይ የማማርር ይመስል።

«ምን ብዬ?» አለችኝ።

የአልጋውን ልብስ መልሼ አለበስኩት።

«ለእህትሽ አትንገሪያት» አለች። «ማይልኝ። ደስ ብሏት የያዘችልኝን አልጋ በዚህ ምክንያት ተውኩት እንድትል አልፈልግም። አንቺ አወቅሽ፤ ይበቃኛል።» ማልኩላት።

በሚቀጥለው ሳምንት ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሴት ሐኪም ካልሆነች አልገባም ብላ ነበር፤ ደግነቱ ሴት ሆነች። ከምርመራው በኋላ ሐኪሟ እጇን ይዛ «እማማ፣ ይኼ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ የታወቀ በሽታ ነው፤ በኦፕራሲዮን ይስተካከላል» አለቻት። ቀጠሮው ከመርከቡ ጉዞ በኋላ ነበር የደረሳት። ስንወጣ እናቴ ደረጃው ላይ ቆም ብላ «የታወቀ በሽታ ነው አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት።

ለእህቴ እናቴ ራሷ ደወለችላት። ባሕር እፈራለሁ፤ እህትሽ በእኔ ቦታ ትሂድ አለቻት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እህቴ ለእኔ ብቻ መልሳ ደወለች።

«ምንድን ነው ያልሻት?»

«ምንም አላልኳትም።»

«ገና በቅርቡ መርከቡ ላይ የጾም ምግብ አለ ወይ ብላ የጠየቀችኝ ሴትዮ ዛሬ ባሕር እፈራለሁ ትላለች?»

እሷኑ ጠይቂያት አልኳት።

«ፓስፖርት አለሽ?» አለችኝ።

«አለኝ።»

«መቼ አደስሽው?»

«የእማን ስናወጣ።»

«ገባኝ» አለች። እኔ አልሄድም፣ ይቅር፣ ሰርዢው አልኳት። መሰረዝ አይቻልም፣ የተከፈለው አይመለስም፣ ብቻዬን ባሕር ላይ ምን ልሠራ ነው አለችኝ። እናቴም በበኩሏ «ልጄ ብቻዋን እንዳትሄድ» ብላ ያዘችኝ። በሁለቱ መሐል ቆሜ የፓስፖርቴን ፎቶ ላክሁ።

ስሙን ያስቀየረችው ጉዞውን በሸጠላት ኤጀንት በኩል ነው። ኤጀንቱ መጀመሪያ ነገሩ የፊደል ስህተት መስሎት ነበር። በኋላ እህቴ በድምፅ መልእክት እንዲህ አለችኝ፦ «የትኛው ፊደል ነው የሚስተካከለው ሲለኝ፣ ሁሉም አልኩት።» ቀጥሎ አዲሱ ወረቀት ደረሰኝ። የእሷ ስም እንዳለ ነው። ከእሷ ስም በታች፣ እናቴ በጣቷ የነካችው ስፍራ ላይ፣ የእኔ ስም ተጽፏል። ለእናቴ አላሳየኋትም።

ሰፈሩ በስንት ቀን እንደሰማ አላውቅም። ቦርሳ ያዋሷት ጎረቤታችን ባጃጅ ስጠብቅ አገኙኝ።

«እናትሽን አስቀርተሽ አንቺ ልትሄጂ ነው አሉ?»

«እሷ ናት አልሄድም ያለችው፣ እትዬ።»

«እንዴት ብላ? ሻንጣውን ስትዘጋ ስትከፍት አይቻት የለም እንዴ?»

እሳቸው መልስ እየጠበቁ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ባጃጁ ሲመጣ ደህና ይዋሉ እንኳ ሳልል ገባሁ። ባለሱቁ ደግሞ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሳሙና ስገዛ፣ «ቁልፏ በደንብ ሠራችልሽ?» አሉኝ። ክፋት ይኑራቸው አይኑራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። «ልሽ» የምትለዋ ግን ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ። የምሄድበት ቀን ሻንጣውን እየጎተትኩ በባጃጅ ተራው በኩል ማለፍ አፍሬ በጓሮ መንገድ፣ በድንጋዩና በጭቃው ላይ ወጣሁ። እናቴ በር ላይ ቆማ «በዚያ በኩል ለምን?» አለችኝ። ያሳጥራል አልኳት።

እህቴ ዱባይ ስትቀበለኝ ጉንጬን ሳመችኝ፤ እንደ እንግዳ። ስለ እናታችን ጤና ጠየቀችኝ፤ ደህና ናት አልኩ። መርከቡን ሳየው አንገቴ እስኪታጠፍ ቀና ብዬ ነው ያየሁት። ፎቁ ማለቂያ የለውም። እማ ብታየው ምን ትል ነበር የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ እህቴም ይህንኑ እያሰበች እንደሆነ ከፊቷ አወቅሁ። ክፍላችን ገብተን እሷ በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋ አየችና ዕቃዋን ሌላው ላይ አስቀመጠች። በመስኮቱ በኩል ያለው ለእናቴ ታስቦ ነበር። እኔ እዚያ ተኛሁ፤ ለባሕሩም ጀርባዬን ሰጠሁት።

የመጀመሪያው እራት ላይ አንድ ፊሊፒናዊ አስተናጋጅ መጣ። ሳቂታ፣ ቀጭን ሰው ነው። ጠረጴዛችን ላይ ያለውን ካርድ አየት አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በእናቴ ስም ጠራኝ። ስሙ በዋናው መዝገብ ላይ ተቀይሯል፤ የምግብ ቤቱ ካርድ ላይ ግን እንደነበረ ቀርቷል። እህቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እኔ አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እንግሊዝኛዬም ለዚያ አያንሰኝም። ግን ቀጥሎ እሷስ የታለች ብሎ ቢጠይቀኝ? አዎ በሚል ራሴን ነቀነቅኩ። ሰውየው ስም አይረሳም። ከዚያ በኋላ ጠዋት በቁርስ፣ ማታ በእራት፣ በአዳራሹ መተላለፊያ ሳይቀር፣ እየሳቀ በእናቴ ስም ሰላም ይለኛል። በሰላምታው ቁጥር እህቴ ፊቷን ታዞራለች።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሰው በሞላበት መሐል ፈነዳች።

«ንገሪው እንጂ! አልጋዋን ወሰድሽ፤ ስሟንም ልትወስጂባት ነው?»

በአማርኛ ስለሆነ ማንም አልገባውም፤ ግን ድምፅ ቋንቋ አያስፈልገውም፤ ከጎናችን ያሉት ዞር አሉ። አስተናጋጁን ጠራሁትና ነገርኩት። እናቴ መምጣት አልቻለችም፣ እኔ ልጇ ነኝ አልኩት። ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ወዲያው ሄዶ በእኔ ስም አዲስ ካርድ አሳትሞ ይዞ መጣ። እናታችሁን ሰላም በሉልኝ አለ። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ሲያቆመው ማየት አቅቶኝ ተነስቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት መርከቡ ሙስካት ላይ ቆመ። መርከቡ ላይ ኢንተርኔት ውድ ስለነበር ለእናቴ አልደወልኩም ነበር። ወደብ አጠገብ አንዲት ካፌ ገባን፤ ዋይፋይ አላት። እህቴ ከእኔ ራቅ ብላ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። እኔ ደወልኩ።

«እማ፣ አልቻልኩም» አልኳት።

«ምን ሆንሽ? አመመሽ?»

«አላመመኝም። እንደ ሌባ ነው የምታየኝ። እውነቷን ነው፤ እሷ ምን ታድርግ?»

ከእናቴ ኋላ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማኛል፤ በር ላይ ቆማ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

«ስልኩን ስጫት።»

«እኔ ልንገራት ካልሽኝ እነግራታለሁ፤ አንቺ አትቸገሪ።»

«አይሆንም። ከእኔ አፍ ትስማው።»

ስልኩን ሰጥቻት ወጣሁ። ከካፌው ፊት ለፊት፣ በባሕሩ ዳር ያለው የግንብ አጥር ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ እዚያ ማዶ፣ ያችን ለእኔ በስንት ዓመት የወጣቻትን ቃል ለሁለተኛ ጊዜ ስትናገር እየታሰበኝ፣ ያስጨነቅኳት እኔ እንደሆንኩ እየታሰበኝ፣ መሬት መሬቱን ሳይ ቆየሁ። ትንሽ ታግሼ ቢሆን፣ የቀሩት ቀናት ያልፉ ነበር።

እህቴ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኗ ቀልቷል። ስልኬን ጭኔ ላይ አኖረችው።

«እዚህ አገር የመጣሁ ጊዜ ምን እሠራ እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ሕፃን ትይዥ አልነበር?»

«እንደዚያ ነበር የምላችሁ። ሕፃን አልነበረም። አሮጊት ናቸው፤ የማዳሜ እናት። ጠዋት ጠዋት አንሶላቸውን እቀይራለሁ፤ ገላቸውን አጥባለሁ። ሕፃን እይዛለሁ ያልኳችሁ አፍሬ ነው። እማ ይኼን ለማጠብ ነው የላክኋት ብላ እንዳታለቅስ።»

አንድ የዓሣ ጀልባ ወደ ወደቡ ሲገባ ሁለታችንም ዓይናችንን እሱ ላይ ተከልን።

«የሰው እናት ስንት ዓመት ሳጥብ ኖሬ» አለች፣ «የራሴ እናት ከእኔ ትደበቅ?» ከዚያ «እኔስ ምን አደረግሁ» አለች፣ ለራሷ።

ይቅርታ አላለችኝም። በልተሻል ወይ አለችኝ። አልበላሁም ነበር። ካፌው ተመልሰን ገብተን እንቁላልና ዳቦ አዘዘችልኝ፤ እስክጨርስ ድረስ አየችኝ። በቀሩት ቀናት አብረን በላን፣ አብረን ባሕሩን አየን፤ ግን ሽርሽር ነበር ማለት አልችልም። እያንዳንዱ ጥሩ ነገር ሲመጣ ሁለታችንም ዓይን ለዓይን መተያየት እናፍር ነበር።

ለኦፕራሲዮኑ እህቴ ሥራዋን ትታ መጣች። መጀመሪያ ቀን እናቴ ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ማደር እምቢ አለች። ሳሎን ተኚ፣ እኔ እንቅልፍ የለኝም፣ እረብሽሻለሁ አለቻት። እህቴ ምንም ሳትከራከር ፍራሽ አምጥታ ከእናቴ አልጋ ሥር ዘረጋች። ጠዋት ስገባ ሁለቱ ጨርቆቹን አብረው እያጠፉ ነበር፤ እናቴ እያስተማረቻት ነው እንዳልል፣ እህቴ ከእሷ ይበልጥ ትፈጥን ነበር።

ኦፕራሲዮኑ ደህና ሆነ። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለት አይደለም፤ በጣም ስትስል ወይም ስትስቅ አሁንም ትንሽ ያመልጣታል። ላስቲኩ ግን ተነስቷል። እህቴ እንደገና መርከብ ልያዝልሽ ስትላት እናቴ «ወደ መሬት ቅርብ የሆነ ነገር ፈልጊልኝ» ብላ ሳቀችባት። ይህን ልጻፈው ወይ ብዬ ስጠይቃት ደግሞ «ስም አትጥሪ እንጂ ጻፊው፤ ዝም ብለን ስንት ዓመት አጠብን» አለችኝ።

ጎረቤታችን ለብዙ ጊዜ በደንብ አያናግሩኝም ነበር። እኔም ልነግራቸው የምችለው ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ግን እናቴ ከእሳቸው ቤት ቆይታ ተመልሳ «ነገ ሐኪም ቤት ትወስጃቸዋለሽ» አለችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም።

በሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከቃሊቲ አደባባይ ካለፍን በኋላ ሻሻቸውን አስተካከሉና «ያን ጊዜ መንገድ ላይ የተናገርኩሽ...» ብለው ጀመሩ።

«ይተዉት፣ እትዬ» አልኳቸው። እሳቸው ሲያፍሩ ማየት ራሴ ከማፈር ይብስብኝ ነበር።

በሐኪም ቤቱ ኮሪደር አግዳሚ ላይ ሴቶች ተደርድረዋል፤ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ፣ አንዳንዶቹ ከገጠር የመጡ፣ ሁሉም ጉልበታቸውን የሚያዩ። ለጎረቤታችን ቦታ ለቀቁላቸው። አጠገባቸው ያሉት ሴትዮ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እርስዎም ለዚህ ነው?» አሏቸው። ጎረቤታችን ወደ እኔ አዩ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስኩ፤ እንደ ልባቸው እንዲናገሩ።

«አዎ» ሲሉ ሰማኋቸው። «ለዚሁ ነው።»